የሦስት ቀን ድርሻ

ይህን ጽሑፍ የጀመርነው በአዲስ ከተማ አውቶቡስ ተራ፣ ሻይ በሚሸጥበት የሸራ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ነው። አራት ነን፤ አራታችንም የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች። ለምን እዚያ ሄዳችሁ የሚለን ካለ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያገኘነው አንድ ቁጥር ነው የወሰደን። ቁጥሩ 1,500 ነው። ምን እንደሆነ ቆይተን እንነግራችኋለን።

ከሸራው ሥር በወጣትነታቸው የጎንደር መስመር አውቶቡስ ረዳት የነበሩ አንድ አዛውንት አገኘን። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. ማን ይሳፈር እንደነበር ጠየቅናቸው። ሻያቸውን ፉት አሉና፣ «እንግዲህ ልጆቼ፣ ያኔ ወጣቱ ሁሉ የጎንደር ትኬት ይቆርጥ ነበር፤ ጎንደር ዘመድ ያለው ግን ከአሥር አንዱ ነው» አሉን። ሻንጣ የለው፣ ስንቅ የለው፤ ጋቢ ደርቦ በየኬላው ስሙን የሚቀያይር ልጅ። ጎንደር ሲደርስ ወይ ወደ መተማ ወይ ወደ ሁመራ ይታጠፋል። ከመተማ ማዶ ገላባት፣ ከገላባት ገዳሪፍ፤ በሁመራ በኩል ያለው ደግሞ ከሰላ። በመጋቢት 1969 በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ከተደረገና ቀይ ሽብር ከታወጀ በኋላ ያ መንገድ ብዙ ሰው አሻግሯል፤ ብዙውንም አስቀርቷል።

የዚያን ልጅ ጉዞ ሌሎች ጽፈውታል፤ እኛ አንደግመውም። እኛ የምንጽፈው ልጁ ገዳሪፍ ደርሶ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ፣ በሩቅ አገር ጠረጴዛ ዙሪያ በሱ ላይ ስለተደረገው የዋጋ ክርክር ነው። እንዳያደናግር አንድ ነገር እናስቀድም፤ የኛን ዘመን ስንጠቅስ ዓ.ም.፣ የአውሮፓውያኑን ስንጠቅስ እ.ኤ.አ. እንላለን።

፩

መርካቶ ስለ ኮታ ለማሰብ መጥፎ ቦታ አይደለም። ሰፈሩ ራሱ በመንግሥት ትእዛዝ የሰፈረ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ አራዳ ላይ የነበረውን ትልቁን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ ማለትም የአገሬው ገበያ፣ ብሎ አቋቋመው። ለነጩ እዚያ፣ ለጥቁሩ እዚህ ተብሎ በካርታ ላይ ተሰመረ። «አዲስ ከተማ» የሚለው ስም ሲነሳ ይኸ አይዘነጋን።

ሁለተኛው ምክንያታችን ገበያው ራሱ ነው። በርበሬ ተራም ሆነ ቆርቆሮ ተራ፣ ዋጋ የሚቆረጠው በዕቃው ጥራት ብቻ እንዳልሆነ የማያውቅ የለም። ማን ቸኩሏል? ማንስ ነገ ተመልሶ መምጣት ይችላል? ደላላው ወደ ማን ያደላል? ዕቃውን መልሶ አልሸጥም ሊል የሚችለው ማነው? ይኸ ሁሉ ሚዛኑ ላይ ይወጣል። የስደተኞች ኮታም እንዲሁ ሆኖ ነው ያገኘነው። ይህን ለማየት ግን መጀመሪያ ወደ ሩቅ ምሥራቅ መሄድ አለብን፤ ምክንያቱም የኛ ሰው ድርሻ የተቆረጠው የቬትናም ሰው ድርሻ በተቆረጠበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

፪

ሳይጎን ሚያዝያ 22 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደቀች። አሜሪካ በዚያን ጊዜ ከ130 ሺህ የማያንሱ የኢንዶቻይና ሰዎችን ወሰደች፤ አብዛኞቹ ከሷ ጋር የሠሩና ከሷ ጎን የተዋጉ ነበሩ። ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎ ነበር። ሦስት ዓመት ቆይቶ ግን ጀልባው በዛ። የቬትናም መንግሥት የነጋዴውን ሀብት ሲወርስ፣ በተለይ ቻይናዊ ዘር ያለው ሕዝብ ሲገፋ፣ ሰው በደከመ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ እየተጫነ ወደ ባሕር ወጣ። በሰኔ ወር 1979 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ54 ሺህ በላይ ሰው በጎረቤት አገሮች ዳርቻ ደረሰ። ስንቱ በባሕር እንደቀረ፣ ስንቱ በባሕር ወንበዴ እጅ እንደጠፋ የቆጠረ የለም።

ልብ በሉ፤ ክርክሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማሌዥያ ጀልባዎችን ከዳርቻዋ ገፍታ ወደ ባሕር ትመልስ ጀመር። በሰኔ መጨረሻ የኢንዶኔዥያ፣ የማሌዥያ፣ የፊሊፒንስ፣ የሲንጋፖርና የታይላንድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ባሊ ላይ ተሰብስበው፣ ከእንግዲህ አዲስ የሚመጣ አንቀበልም ብለው በአንድ ድምፅ አስታወቁ። በመርካቶ ቋንቋ ሲተረጎም፣ «ወይ ዋጋ ጨምሩ፣ ወይ ሱቁን ዘጋን» ማለት ነው። ጨካኝ ንግግር ነው፤ ዋጋው የተከፈለው በሰው ነፍስ ነውና። ዳሩ ግን ሠራ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ካርተር በዚያው ሰሞን ቶኪዮ ላይ፣ አገራቸው በየወሩ የምትቀበለውን የኢንዶቻይና ስደተኛ ከ7 ሺህ ወደ 14 ሺህ እንደምታሳድግ ተናገሩ።

ሐምሌ 13 እና 14 ቀን 1971 ዓ.ም. ደግሞ 65 መንግሥታት ጄኔቭ ላይ ተሰበሰቡ። የሰፈራ ቃል ኪዳኑ ከ125 ሺህ ወደ 260 ሺህ ሰው ዘለለ። በመካከሉ የተዋዋሉት ሦስት ወገኖች ነበሩ። ጎረቤት አገሮች «ለጊዜው እናስጠጋለን» አሉ፤ ሀብታም አገሮች «እኛ ወስደን እናሰፍራለን» አሉ፤ ቬትናም «በጀልባ የሚወጣውን እገታለሁ» አለች። ከዚያ በፊት በግንቦት፣ ቬትናምና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ሰው በሕጋዊ መንገድ፣ በአውሮፕላን፣ በስም ዝርዝር እንዲወጣ ተስማምተው ነበር። ይኸኛው ሥራ ሲጀምር ግን የቬትናም መንግሥት አንድ ዝርዝር አወጣ፤ አሜሪካ ሌላ ዝርዝር አወጣች፤ ሁለቱ አልገጥም አሉ። በሁለቱም ላይ ስሙ ያለው ሰው ብቻ ነበር የሚሄደው።

የቬትናምን ሰው በዚህ ዕድሉ የምንመቀኝ እንዳይመስላችሁ። በ1989 እ.ኤ.አ. እዚያው ጄኔቭ ሌላ ስምምነት ተደርጎ፣ ከተቆረጠው ቀን በኋላ የመጣው ሁሉ «ስደተኛ ነህ ወይስ አይደለህም» እየተባለ ተበጠረ፤ ከሆንግ ኮንግ በግድ የተመለሰም አለ። የተሰጠ ኮታ ይነሳል። ቢሆንም ከ1975 እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ድረስ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ የኢንዶቻይና ሰው በሌላ አገር መስፈሩ የማይካድ ነው። እንግዲህ ይህን ይዘን ወደ ራሳችን እንመለስ።

፫

የአሜሪካን ሕግ ስናገላብጥ አንድ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር አገኘን። ከ1980 እ.ኤ.አ. በፊት በነበረው ሕግ ስደተኛ ተብሎ የሚገባው ወይ ከኮሙኒስት አገር የሸሸ፣ ወይ ከመካከለኛው ምሥራቅ የወጣ ሰው ነበር። መካከለኛው ምሥራቅስ የት ድረስ ነው? ሕጉ ወሰኑን ሲቆጥር በምዕራብ ሊቢያ፣ በሰሜን ቱርክ፣ በምሥራቅ ፓኪስታን፣ በደቡብ ሳዑዲ ዓረቢያና ኢትዮጵያ ይላል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መቀመጫ የሆነችው አገር በአሜሪካ የስደተኛ ሕግ ከአፍሪካ ወጥታ መካከለኛው ምሥራቅ ገብታ ነበር! ከኛ በታች ያለው አፍሪካ ሁሉ ደግሞ ጭራሽ የለም። እኛም በወረቀት ላይ በሩ ቢከፈትልንም፣ በዚያ በር የሚገባው ከመላው ዓለም በዓመት 17,400 ሰው ብቻ ነበር።

መጋቢት 8 ቀን 1972 ዓ.ም. ካርተር አዲሱን የስደተኞች ሕግ ፈረሙ። ሕጉ የድሮውን መድልዎ ሻረ። ከየትም አገር ይምጣ፣ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ወገኑ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት ስደት የሚያሰጋው ሰው ስደተኛ ነው ተባለ። ጥሩ ነው። ነገር ግን ስንት ሰው ይገባል የሚለው ለድርድር ተተወ። በየዓመቱ ፕሬዚዳንቱ ከምክር ቤቱ የፍርድ ጉዳይ ኮሚቴዎች ጋር ይመካከራል፤ ከዚያ ጣሪያ ይወሰናል፤ ጣሪያው በክፍለ ዓለም ይከፋፈላል። የአሜሪካ የበጀት ዓመት የሚጀምረው መስከረም 21 ገደማ ስለሆነ፣ እኛ የመስቀልን ደመራ አመድ ሳንጠርግ የዓመቱ ድርሻችን ይቆረጣል ማለት ነው።

አሁን ወደዚያ ቁጥር ደረስን። በ1980 እ.ኤ.አ. የበጀት ዓመት ጠቅላላው ጣሪያ 231,700 ነበር። ከዚህ ውስጥ ለምሥራቅ እስያ 169,200፣ ለመላው አፍሪካ 1,500። በቀላል ሒሳብ እንየው። በወር 14 ሺህ ማለት በቀን ወደ 470 ሰው ነው። እንግዲያው የአፍሪካ የዓመት ድርሻ የኢንዶቻይና የሦስት ቀን ድርሻ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት እጥፍ ሆኖ 3 ሺህ ገባ፤ የስድስት ቀን ተኩል ድርሻ መሆኑ ነው።

ያም አልሞላም። በ1980 ከአፍሪካ በትክክል የገቡት 955 ሰዎች ናቸው፤ በ1981 ደግሞ 2,119። በእነዚያ ዓመታት ከገቡት አፍሪካውያን እጅግ የሚበዙት በኢትዮጵያ ስም የተመዘገቡ ነበሩ። ከምሥራቅ እስያ በ1980 ብቻ የገቡት 163,799 ናቸው። ከ1980 እስከ 1989 እ.ኤ.አ. ባሉት አሥር ዓመታት ከመላ አፍሪካ የገባው ሰው ሲደመር ወደ 20 ሺህ ገደማ ነው፤ ይኸ በ1980 ከእስያ በስድስትና በሰባት ሳምንት ይገባ የነበረውን ያህል ነው።

በሌላው የሚዛን ሰሐን ላይ ምን ነበር? በሱዳን መንግሥት ቆጠራ በዚያን ጊዜ ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ከኢትዮጵያ የሸሹ ሰዎች ነበሩ። አብዛኞቹ የኤርትራ ሰዎች ናቸው፤ ያኔ ግን ዓለም የሚቆጥራቸው በኢትዮጵያ ስም ነበር። የ1,500ው ድርሻ ሁሉ ለእነሱ ቢሰጥ እንኳ ከሺው አራት ሰው አይሞላም።

፬

ለምን እንዲህ ሆነ ብለን ተከራከርን። ከመካከላችን አንዱ «ዘረኝነት ነው፣ አለቀ» አለ። የለበትም አንልም። ዳሩ ግን በዚያ ብቻ ብንዘጋው ከመጽሐፉ ያገኘነው ትምህርት ያመልጠናል። ሦስት ነገሮች አይተናል።

አንደኛው ዕዳ ነው። አሜሪካ በቬትናም ተዋግታ፣ ተሸንፋ፣ ወዳጆቿን ጥላ ወጥታለች። ቅር ያለው ሴናተር፣ ከጦርነቱ የተመለሰ መኮንን፣ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር፣ ሁሉም በየፊናው ይጮኻል። የኛን ሰው በተመለከተ እንዲህ ያለ ዕዳ የሚሰማው አልነበረም። ምንም እንኳ አሜሪካ አሥመራ ላይ ቃኘው የሚባል ትልቅ የመገናኛ ጣቢያ ለዓመታት ብትይዝም፣ ምንም እንኳ የንጉሠ ነገሥቱን ጦር ብታስታጥቅም፣ ወላጆቿ ልጆቻቸውን ቀብረው የተመለሱበት አገር አልነበረም።

ሁለተኛው ግፊት ነው። ማሌዥያ ጀልባ ገፋች፤ ሱዳን ማንንም አልገፋችም። በ1974 እ.ኤ.አ. የጥገኝነት ሕግ አወጣች፤ 1980ን የስደተኛ ዓመት ብላ ሰየመች፤ በሰኔም ካርቱም ላይ ጉባኤ ጠርታ እርዳታ ጠየቀች። ለገዳሪፍ ውሃ፣ ለከሰላ ሐኪም ቤት ለመነች። በሯን እዘጋለሁ ብላ ግን አላስፈራራችም። አስተናጋጅ ዝም ብሎ ሲያስተናግድ፣ እንግዳው እንደ ችግር አይታይለትም። ይህን ስናነብ እውነት ለመናገር ደነገጥን። የሱዳን ቸርነት ለኛ ሰው ነፍስ አድኗል፤ በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ ግን አንዲት ነጥብ አላስቆጠረም።

የአፍሪካ መንግሥታት አቋምም ለዚህ አግዟል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት የተፈረመው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ስምምነቱ ከጄኔቩ ይሰፋል፤ ከጦርነትና ከወረራ የሸሸውንም ስደተኛ ይለዋል፤ ጥገኝነት መስጠት እንደ ጠብ አይቆጠር ይላል። የሚያኮራ ሰነድ ነው። የአፍሪካ ስደተኛ እዚያው አፍሪካ ውስጥ ይጠጋል፣ ሰላም ሲሆን ወደ አገሩ ይመለሳል የሚል እምነትም በዘመኑ ጸንቶ ነበር። ሀብታሞቹ አገሮች ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። «አፍሪካውያን ራሳቸው በአህጉራቸው መቆየት ይሻሉ» ማለት ቀለላቸው። ሰፈራው ቀርቶ ገንዘብ እንስጥ ተባለ። ሚያዝያ 1 እና 2 ቀን 1973 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ለአፍሪካ ስደተኞች የእርዳታ ጉባኤ ተጠርቶ ወደ 560 ሚሊዮን ዶላር ቃል ተገባ። ያን ጊዜ ከዓለም ስደተኛ ግማሽ ያህሉ አፍሪካ ውስጥ ነው ይባል ነበር። ከተባለው ገንዘብም ብዙው ቀድሞውኑ ታስቦ የነበረ እርዳታ ነው።

ገንዘብ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ክርክር ይመጣል፤ ይኸም የቁጥር ክርክር ነው። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ የሶማሊያ መንግሥት በካምፖቼ ውስጥ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ስደተኛ አለ አለ። ለጋሾቹ ይኸ በዝቷል አሉ። በመጨረሻ በ1982 እ.ኤ.አ. 700 ሺህ በሚል «የዕቅድ ቁጥር» ተስማሙ። ማንም ቆጥሮ ያገኘው ቁጥር አይደለም፤ ተከራክረው የቆረጡት ዋጋ ነው። ቦንዳ የሚሸጥበት ሱቅ ገብቶ «መሐል ላይ እንገናኝ» እንደማለት ነው። ከኦጋዴን የሸሸችው እናት ራሽኗን የምታገኘው በዚያ በመሐል ቁጥር ነበር።

ሦስተኛው አፍ ነው፤ በዋናው ከተማ የሚናገርልህ ሰው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የነበረው ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ተማሪ ነው፤ እርስ በርሱም በድርጅት የተከፋፈለ ነው። የራሱም መቆያ አልጸናለትም ነበር። ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያውያን በግድ እንዳይመለሱ ጊዜያዊ ከለላ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ቆይቶ ይነሳ ተባለ፤ ከብዙ ጩኸት በኋላ በ1982 ከሰኔ 30 ቀን 1980 በፊት ለገቡት ተመለሰ። በ1983 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን አጠገብ አርሊንግተን ውስጥ የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት ተቋቋመ። አፍ ማለት ይኸ ነው። ተማሪው የፓርቲ ክርክሩን ለጊዜው ትቶ፣ ለመጣው ሰው ቤትና ሥራ መፈለግ፣ ለምክር ቤት ሰው ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ።

፭

እስካሁን በሌላ ላይ ነው የፈረድነው። አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ያቺን 3 ሺህ ማን ገባባት?

የአሜሪካ መኮንኖች ሰው የሚመርጡት በቅደም ተከተል ነበር። ለሕይወቱ የሚያሰጋው ይቀድማል፤ ለአሜሪካ መንግሥት የሠራ ይከተላል፤ እዚያ የቅርብ ዘመድ ያለው፣ በአሜሪካ ድርጅት የሠራ ወይም የሠለጠነ፣ እያለ ይወርዳል። እስቲ በዚህ ወንፊት ውስጥ የሚያልፈውን አስቡት። ቃኘው የሠራ ጸሐፊ ያልፋል። ወንድሙ ቴክሳስ የሚማር የአዲስ አበባ ልጅ ያልፋል። እንግሊዝኛ የሚችል፣ ከገዳሪፍ ተነስቶ ካርቱም ደይም ሰፈር ደርሶ፣ ፎርም ሞልቶ፣ ቀጠሮ የሚጠብቅ ያልፋል። ባድመ ወይም ባረንቱ አጠገብ መንደሯ የተቃጠለባት፣ ፊርማዋን በጣቷ የምታኖር ገበሬ ሴት ግን የወንፊቱን አፍ እንኳ አታየውም። ስደተኛውን አጥኚዎች ሲጽፉም ያረጋገጡት ይህንኑ ነው፤ የሰፈረው የከተማ፣ የተማረ፣ ወጣት ወንድ ይበዛበታል።

ማለት እኛን የመሰለ። ይኸን ስንናገር በመካከላችን ዝምታ ሆነ። ከኛ አንዷ ለረጅም ጊዜ ካሰበች በኋላ፣ «እንግዲያው ያኔ ብንኖር ከ3 ሺው ውስጥ እኛ ነበርን የምንገባው» አለች። እውነቷን ነው። የስደት ታሪካችንን የጻፉልን፣ የዘፈኑልን፣ በራዲዮ የነገሩን በዚያ ወንፊት ያለፉት ናቸው። በተዋዋ ካምፕ የቀሩት አልጻፉም። ስለዚህ «የኢትዮጵያውያን ስደት» ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው ዋሽንግተንን ነው፤ ቁጥሩ ግን ገዳሪፍና ከሰላ ነው።

«ታዲያ ኮታው ቢበዛ ምን ይጠቅመን ነበር? የተማረው ሰው ሁሉ ሄዶ አገሩ ባዶ ሊቀር?» የሚል ክርክርም ተነስቶ ነበር። የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ያ ልጅ ቢመለስ የሚጠብቀው የማስተማሪያ ጠመኔ ሳይሆን እስር ቤት ነበር። ካርቱም ውስጥ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ሐኪምም ለአገሩ የሚሰጠው ነገር የለም። የኮታው ማነስ ሰውን ለአገሩ አላቆየም፤ በበረሃ አቆየው እንጂ።

፮

በዚያው ካምፕ፣ በዚያው ድንኳን፣ ሌላ ድርድር ደግሞ በምስጢር ይካሄድ ነበር። ከጎንደር ገጠር በእግር የመጡ ቤተ እስራኤላውያን በኡም ራኩባና በተዋዋ ከሌላው ስደተኛ ጋር ተቀላቅለው ነበር። በመንገድና በካምፕ ያለቁት በሺዎች ይቆጠራሉ። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. ባሉት ሳምንታት ከ6,500 እስከ 8,000 የሚገመቱት ከሱዳን በአውሮፕላን ተወሰዱ። ነገሩ በጋዜጣ ሲወጣ ቆመ። የፈቀዱት ጃፋር ኒሜሪም በመጋቢት መጨረሻ ከሥልጣን ወረዱ።

ከዚያ ድርድሩ ወደ አዲስ አበባ ዞረ። በ1989 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያና እስራኤል ግንኙነታቸውን አደሱ፤ የመውጫ ፈቃዱ በየወሩ በመቶዎች እየተቆጠረ ይሰጥ ነበር። አንዴ ይጨመራል፣ አንዴ ይቀነሳል። መንግሥት መሣሪያ ይፈልጋል፤ እነዚያ ሰው ይፈልጋሉ። የደርግ ዘመን ሲያበቃ፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከቦሌ ተነሳ፤ 35 ሚሊዮን ዶላርም ተከፈለ። ከአፍሪካ በስድስትና በሰባት ዓመት ወደ አሜሪካ የሚገባው ሕዝብ ማለት ነው፤ በ36 ሰዓት።

ይህን የምናነሳው ማንንም ለመንቀፍ አይደለም። እነዚያ ሰዎች ያለፉበትን መከራ ያነበበ፣ አውሮፕላኑ ስለ ደረሰላቸው ደስ ይለዋል። የምንለው ይህን ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ድንኳን ሥር በአንድ ወባ ሲታመሙ ከርመው፣ አንዱ «የኔ ነው» የሚለው መንግሥት ሲያገኝ መቶ ሺህ ሰው አይበዛበትም፤ ሌላው የሚጠራው ሲያጣ 1,500 ይበዛበታል። ራሱ የኢትዮጵያ መንግሥት በዚያ ዘመን ለሸሸው ልጁ «ከሃዲ» ከማለት በቀር በየትኛውም ጠረጴዛ አልቆመለትም።

፯

ጥቂቶቹ ግን ሄደው ሥር ሰደዱ። ወንድም እህቱን ጠራ፤ እህት ባሏን። በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ዲቪ የሚባለው ዕጣ ሲመጣ ደግሞ መርካቶ ፎቶ ቤቶች በየጥቅምቱ ሰልፍ አዩ። ዕጣ ማለት ክርክሩን ለዕድል መተው ነው፤ ቢያንስ «ማን አለህ» ብሎ አይጠይቅም ብለው የወደዱት ብዙ ናቸው። የስደተኛው ኮታ ግን እስከ ዘመናችን ያው ክርክር ሆኖ ቀረ። የአሜሪካ ጣሪያ በ2024 እ.ኤ.አ. የበጀት ዓመት 125 ሺህ ነበር፤ በጥቅምት 2025 ለሚቀጥለው ዓመት የተነገረው 7,500 ነው፤ ቅድሚያውም ለደቡብ አፍሪካ ነጮች ተሰጠ። በዓለም ላይ መከራ በአንድ ዓመት ውስጥ ያን ያህል ቀንሶ ነው? አይደለም።

አሁን ወደ አውቶቡስ ተራ እንመለስ። ሽማግሌው ተረካቸውን ሲጨርሱ አንድ ነገር ጠየቁን። «እናንተ ተማሪዎች፣ የሱዳኖቹን ነገር ሰምታችኋል?» አሉን።

ሰምተናል። ሱዳን ውስጥ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሳ፣ ያ የድሮ መንገድ ፊቱን አዞረ። የካርቱም ሰው፣ ምናልባትም የደይም ሰው፣ በገዳሪፍና በገላባት አድርጎ መተማ ገባ። አገራችን በ2024 እ.ኤ.አ. ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ አንድ ሚሊዮን ያህል ስደተኞችን አስጠልላ ነበር፤ ስደተኛው እንዲማርና እንዲሠራ የሚፈቅድ አዋጅም በ2011 ዓ.ም. አውጥታለች። ይኸ ለመንግሥትም ለሕዝብም ክብር ነው። ነገር ግን በመተማ በኩል ለመጡት በተሠሩት በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ዝርፊያና ግድያ በዛ፤ በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. በርካታ ሱዳናውያን «እዚህ አንኖርም» ብለው መጠለያውን ጥለው በእግር መንገድ ወጡ። ሴትና ሕፃን ሳይቀር በመንገድ ዳር ሰነበቱ።

«እነሱ ሲያስጠጉን እንዲህ አላደረጉንም» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ዝም አሉ፤ እኛም የምንመልሰው አጣን።

የኮታውን ታሪክ ልንጽፍ ስንነሳ የተበደልነውን ለመቁጠር ነበር የተነሳነው። ቆጥረነዋል፤ ሦስት ቀን ነው። ሲቆጠር ግን ሌላ መዝገብ ተከፈተብን። ዋሽንግተን 955 ሰው ስትቀበል፣ ገዳሪፍ ጎተራዋንና ጉድጓዷን ከመቶ ሺዎች ጋር ተካፍላለች፤ በማንም ኮታ አልተጻፈላትም። ያ ዕዳ ደግሞ ለአሜሪካ የምንከፍለው አይደለም።

ከኛ ጋር የሚያጠኑ ሱዳናውያን ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው አሉ። መርካቶም በየጎዳናው እየዞሩ ሥራ የሚፈልጉ አሉ። ስማቸውን እንጠይቅ። ከየት ሰፈር እንደመጡ እንጠይቅ። ደይም ካሉን፣ «የኛ ሰው እዚያ ኖሯል» እንበላቸውና ሻይ እንጋብዛቸው። ጄኔቭ ላይ ስንት እንደሚባል እኛ አንወስንም፤ ይህን ግን ማንም አይከለክለንም።